«መቼ ይለቀኛል?» ላሉኝ እናት የሰጠሁት መልስ

ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት ፊዚዮቴራፒስት፣ በእንቅስቃሴ የሚያክም ባለሙያ፣ ከደብረ ማርቆስ ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ጉልበቱን በኦፕራሲዮን በብረት የተቀየረ ሰው ምን ያህል እንደሚያመው አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል?» አለኝ። የማውቀውን ነገርኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ትዝ ያሉኝ አንዲት እናት ናቸው። አገራቸው ከጮቄ ግርጌ ነው። አዲስ አበባ ያሉ ልጆቻቸው ጉልበታቸውን አስቀየሩላቸውና የዓባይን በረሃ ተሻግረው እኔ ጋ መጡ። ኤክስሬዩን አየሁት። ብረቱ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል፣ ያምራል። «ልጄ፣ መቼ ይለቀኛል?» አሉኝ። «እማማ፣ ሁለት ሳምንት ብቻ ይታገሡ» አልኳቸው። ላጽናናቸው ብዬ ነው።

ሁለት ሳምንቱ አለፈ፣ ሕመሙ ግን አልለቀቀም። «ከዜሮ እስከ አስር ስንት ይሆናል?» ስላቸው «ተመስገን» ይላሉ። እኔም «ደህና ናቸው» ብዬ እጽፋለሁ። ለካ ሌሊቱን ቁጭ ብለው ነበር የሚያነጉት። ያልኳቸው ቀን ሲያልፍ ብረቱ ከውስጥ የተነቀለ መሰላቸው። እንዳይብስባቸው ፈርተው ጉልበቱን ማጠፍ ተዉ። ይህን የነገረችኝ ልጃቸው ናት፣ ያውም በሦስተኛው ወር። ያን ጊዜ ጉልበቱ ዘጠና ዲግሪ እንኳ አይታጠፍም ነበር። ከዱካ ለመነሳት ሁለት ሰው ይደግፋቸዋል።

ምልክቱ ሁሉ ፊት ለፊቴ ነበር። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ሕመሙ ብርቱ ነበር። ወገባቸውንና ትከሻቸውንም ያማቸው ነበር። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ እንቅልፍ የላቸውም። ሐሳብ ያበዛሉ፣ ክፉው ይታያቸዋል። እንዲህ ያለ ሰው ከሌላው ይልቅ ሕመሙ ሊቆይበት ይችላል። ለዓመታት የታመመ ጉልበት ነርቩንና አንጎሉን ንቁ አድርጎ ያስለምዳቸዋል፤ አጥንቱ ስለተቀየረ ብቻ ወዲያው ዝም አይሉም። ጉልበታቸውን ከተቀየሩ አስር ሰዎች አንዱ ወይም ሁለቱ ከወራት በኋላም ያማቸዋል። ምልክቱ ሁሉ ኖሮበት በደንብ የሚድንም አለ። ትንቢት አይደለም።

አባቴ ወጌሻ ነበር። የሰው እግር ከመንካቱ በፊት «ሌሊቱን እንዴት አደርክ?» ይል ነበር። እኔ ኮሌጅ ገብቼ ይህን ጥያቄ ረሳሁት። የዛሬ ልጆች ከእኛ የበለጠ ታውቃላችሁ፣ እኮራባችኋለሁ። ግን ኤክስሬዩን በቴሌግራም ስትላላኩ የበሽተኛው ፊት ያመልጣችኋል። ይህ ያናድደኛል።

ቀን አትቁረጡ እላለሁ። ሰው ግን ቀን ይፈልጋል፣ ያለ ቀን መታገሥ ይከብዳል። ስለዚህ እኔ ዛሬ በሽተኞቼን እንዲህ እላቸዋለሁ፦ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ናቸው። ሌሊት ይብሳል። ሙቀቱና እብጠቱ ወራት ሊቆይ ይችላል፤ ከጠባሳው ጎን ያለው ቆዳም ሊደነዝዝ ይችላል፣ አይደንግጡ። ብዙው ሰው በሦስተኛው ወር በጣም ይሻለዋል፣ እስከ ዓመትም መሻሻሉ ይቀጥላል። ስለ ኢንፌክሽንና ስለ ደም መርጋት ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

እኒያን እናት በሁዳዴ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ አገኘኋቸው። ሰዉ ይሰግዳል። እሳቸው ምርኩዛቸውን ይዘው ቆመዋል። ሳሙኝና «ልጄ፣ ስግደቱንስ እንዴት ላድርገው?» አሉኝ። ጉልበቱን የተቀየረ ብዙ ሰው መንበርከክ እንደሚቸግረው አውቅ ነበር። በእነዚያ ሁሉ ወራት ግን ስለ ስግደት አንድም ቀን አንስቼባቸው አላውቅም።