ለሬዚን ሥራ የሚሆነው ማስክ የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ በፖሊስተር ሬዚንና በፋይበር ግላስ የመኪና አካል እጠግናለሁ። የሐኪም ቤት ማስክ ደርቤ ባደርግም ማታ ማታ ራሴን ያመኛል። ምን ዓይነት ማስክ ልግዛ?

መልስ፦ የሐኪም ቤት ማስክ ቀርቶ ኤን 95 የሚባለውም ቢሆን ከዚህ ትነት አያድንዎትም፤ ኤን 95 የተሠራው ብናኝን ለመያዝ ሲሆን፣ ከፖሊስተር ሬዚን የሚወጣው ስታይሪን ግን ጋዝ ስለሆነ ሰተት ብሎ ያልፋል። የሚያስፈልግዎ አፍንጫንና አፍን ገጥሞ የሚይዝ፣ ትነትን የሚመጥ ከሰል ያለበት ካርትሪጅ የሚገጠምለት የጎማ ማስክ ነው። የካርትሪጁ ምልክት በአሜሪካ ደረጃ ጥቁር፣ በአውሮፓ ደረጃ ደግሞ «ኤ» የሚል ፊደልና ቡናማ ቀለም ነው። የደረቀውን ሬዚን በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቁ ብናኝ ስለሚነሣ የብናኝ ማጣሪያም ይጨምሩበት።

ማስኩን ካጠለቁ በኋላ ካርትሪጆቹን በመዳፍዎ ከድነው አየር ወደ ውስጥ ይሳቡ፤ ማስኩ ፊትዎ ላይ ካልተጣበቀ በጎን አየር ያስገባል ማለት ነው፤ ጢም ካለዎት ደግሞ ከመላጨት ሌላ መፍትሔ የለውም። ከሰሉ ሳይሠሩበት ክፍት ሆኖ ቢቀመጥም ትነት እየመጠጠ ስለሚሞላ፣ ካርትሪጁን ከሥራ በኋላ አየር በማያስገባ ከረጢት ያስቀምጡት። ማስኩን አድርገው የሬዚኑ ሽታ ከተሰማዎት ካርትሪጁን ወዲያውኑ ይቀይሩት፤ ሆኖም አፍንጫ ስታይሪንን ቶሎ ስለሚለምድ የሽታውን መጥፋት እንደ ዋስትና አይቁጠሩት።

ከማስኩም በፊት ግን አደራ የምንልዎት ሥራውን ከዚያች ክፍል ወደ ደጅ እንዲያወጡት ነው። ራስ ምታቱ ካልተወዎት ስለሚሠሩበት ሬዚን ለሐኪም ይንገሩ።