ሳይገባ «ገባ!» ማለት

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ቴሌቪዥን ላይ ኳስ ሲያይ፣ አጥቂው ገና እግሩን ሳያነሳ «ገባ! ገባ!» እያለ ይጮኻል፤ ኳሱ ግን ወደ ሰማይ ይሄዳል። ልጃችን «አባባ ዋሸ» ይላል። ያልሆነን ነገር በኃላፊ ጊዜ መናገር የሰዋስው ስህተት አይደለም?

መልስ፦ አይደለም፤ ባለቤትዎ የሚናገሩት ጥርት ያለ አማርኛ ነው። ትምህርት ቤት «ኃላፊ ጊዜ» ብለን የተማርነው የግስ ቅርጽ፣ ተናጋሪው በልቡ ያለቀለት አድርጎ የያዘውን ነገርም ይገልጻል። «ሪጎሬ ተሰጠ፣ ቶሎ ና!» ሲባል ከጓዳ «መጣሁ!» የሚል ሰው ገና አልመጣም፤ ቡናውን እየቀዳ ይሆናል። ውሸታም የሚለው ግን የለም። እዚያው ጓዳ ሆኖ «መጥቻለሁ» ቢል ይሳቅበታል፤ ይህን ለማለት ሳሎን መድረስ አለበት። ጫማውን እያሰረ «በቃ፣ ሄድኩ» የሚለውም ያው ነው።

ነገሩ ከኳስ ይልቅ በሩጫ ይጎላል። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ1993 ዓ.ም. መስከረም፣ በሲድኒ ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው፤ ያውም በመጨረሻዎቹ እርምጃዎች። እንዲህ ያለ ውድድር ሲታይ ቤቱ በመጀመሪያ «ቅደመው!» ይላል፤ ሯጩ የሚሰማ ይመስል ትእዛዝ ይሰጠዋል። ልዩነቱ እየጠበበ ሲመጣ ጩኸቱ «ቀደመው! ቀደመው!» ይሆናል፤ ሯጩ ግን አሁንም ከኋላ ነው። በጽሑፍ የተለወጠው «ቅ» ወደ «ቀ» ብቻ ነው፤ በአፍ ግን «ደ»ም ይጠብቃል። ልመናው በአንድ ትንፋሽ የምሥራች ሆነ ማለት ነው።

ይህ ነጻነት ግን ወሰን አለው። አሉታው አይችለውም፦ «አልሄድኩም» ብሎ «ልሄድ አይደለም» ማለት አይቻልም፤ «አልገባም»ም የሚባለው ኳሱ ከሳተ በኋላ ነው። «ገብቷል»ም ቢሆን ኳሱ መስመሩን እስኪያልፍ ይጠብቃል። ዳኛው ጎል ሲሽር፣ ምስሉ ተደግሞ እስኪታይ ድረስ «ገብቷል»፣ «አልገባም» እየተባባልን የምንጨቃጨቀው በእነዚህ በሁለቱ ነው።