ቫልቩ ዝም ያለው ስለጠበቀ ነው

ጥያቄ፦ ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር አሳድሼ ነበር። ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ወርዶ ቫልቮቹ ከነመቀመጫቸው ተሞርደዋል። ሞተሩ ሲነሳ ቫልቮቹ ይንኳኩ ስለነበር ድምፁ እስኪጠፋ አጠበቅኳቸው። አሁን ጸጥ ብሏል። ግን ሲሞቅ በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረገጥ ሲሠራ) ይንቀጠቀጣል፣ ካጠፋሁት ደግሞ ቶሎ አይነሳም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ መጀመሪያ ነገር መኪናውን አትንዳው። የነገርከኝ ሁሉ ቫልቮቹ ጠብቀዋል የሚል ነው። ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። ለዚህ ነው ቫልቩን ተጭኖ በሚከፍተው ክንድ፣ በሮከር አርሙና በቫልቩ ጫፍ መሃል ትንሽ ክፍተት የሚተወው። ክፍተቱን ስትዘጋው ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ይሠራል። ሲሞቅ ግን ቫልቩ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ ኮምፕሬሽን (በሲሊንደሩ ውስጥ የታመቀው ግፊት) ያመልጣል። ሞቆ አልነሳም የሚልህ ለዚህ ነው።

የሚንኳኳ ቫልቭ ጆሮ ይበላል እንጂ ጊዜ ይሰጥሃል። የጠበቀው ነው የሚያስፈራው። የጭስ ማውጫው ቫልቭ አብዛኛውን ሙቀቱን የሚያራግፈው ተዘግቶ መቀመጫው ላይ ሲያርፍ ነው። ካላረፈ እሳቱ በጠርዙ በኩል እየሾለከ ይበላዋል። ከእድሳት በኋላ ደግሞ አዲስ የተሞረደው ቫልቭ መቀመጫው ላይ ትንሽ ይሰጥማል፣ ክፍተቱም በራሱ እየጠበበ ይሄዳል። ስለዚህ በጆሮ ማስተካከልን እርሳው።

አሁን ከፊለር ጌጅ (ክፍተት ከሚለኩት ስስ የብረት ቅጠሎች) ጋር እንደገና ጀምር። ሞተሩ በደንብ ይቀዝቅዝ፤ ብታሳድረው ጥሩ ነው። የሞተሩ መጽሐፍ «በሙቅ» ካላለ በቀር በቀዝቃዛው ነው የሚለካው። የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀል። ማርሹን ፎሌ አድርግ፣ የእጅ ፍሬን ያዝ። ካንዴላዎቹን (እሳት የሚጭሩትን) ፍታ፣ ሞተሩ በእጅ ቀለል ብሎ ይዞርልሃል። የቴስታታው ብሎኖች እንደገና መጥበቅ እንዳለባቸው መጽሐፉ ካዘዘ፣ እሱን አስቀድመህ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው ቁልፍ) ጨርስ። ፑሽ ሮድ (ሮከሩን ከታች የሚገፋ ዘንግ) ያለው ሞተር ከሆነ ብሎኖቹ ጠብቀው ቴስታታው ትንሽ ዝቅ ሲል የቫልቩ ክፍተትም አብሮ ይቀንሳል።

ሞተሩን ማዞር የክራንክ ሻፍቱን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ) ፑሊ በያዘው ብሎን ነው፣ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ብቻ። በሞተሪኖ (በማስነሻው) አይሆንም። ከታደሰ ሞተር ጋር ሁለት ሙሉ ዙር በእጅ ሳታዞር ቁልፍ አታዙር። መሃል ላይ ደረቅ ብሎ ከያዘህ አቁም። ቫልቭ ፒስተን ነክቶ ይሆናል፣ ታይሚንጉን (የቫልቮቹና የፒስተኖቹን ቅንጅት) ተመልከት። እዚህ ላይ ጉልበት የጨመረ ሰው ቫልቭ አጣሞ ነው የሚመለሰው።

ሲሊንደሮቹ በየተራ የሚያቀጣጥሉበት ቅደም ተከተል 1-3-4-2 ከሆነ እንዲህ ሂድ። የ4ኛውን ሲሊንደር ሁለት ቫልቮች እያየህ አዙር። አንዱ ሊዘጋ ሲል ሌላው መከፈት ሲጀምር፣ ሁለቱም በአንዴ ሲወዛወዙ ቁም። ያኔ የ1ኛው ሁለቱም ቫልቮች ነፃ ናቸው፣ እነሱን አስተካክል። ግማሽ ዙር ጨምር፤ 2ኛው ይወዛወዛል፣ 3ኛውን አስተካክል። ሌላ ግማሽ ዙር፤ 1ኛው ይወዛወዛል፣ 4ኛውን። በመጨረሻ 3ኛው ሲወዛወዝ 2ኛውን።

የክፍተቱን ቁጥር ከሞተሩ መጽሐፍ ውሰድ። በብዙ ሞተር ከ0.15 እስከ 0.40 ሚሊሜትር መሃል ይውላል፣ የጭስ ማውጫው ብዙውን ጊዜ ሰፋ ይላል። የጎረቤት መኪና ቁጥር ለአንተ አይሆንም። ፊለሩ ሲገባ ትንሽ ያዝ ማድረግ አለበት፤ በጉልበት የሚገባ ከሆነ ጠብቋል፣ ያለ ምንም ስሜት የሚንሸራተት ከሆነ ሰፍቷል። ማስተካከያውን በካቻቢቴ ይዘህ ዳዶውን እሰር፣ ከዚያ ደግመህ ለካ። ዳዶው ሲጠብቅ ብሎኑ አብሮ ትንሽ ይዞራል፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የሮከሩ ጫፍ ተበልቶ ጎድጎድ ካለ ፊለሩ ጉድጓዱን ዘሎ ያልፋል፣ ትክክል የለካህ ይመስልሃል። ያ ዕቃ ይቀየር።

ሞተሩ እየሠራ ቫልቭ የሚያስተካክል ሰው አይተህ ይሆናል። አትከተለው። የፈላ ዘይት ፊትህ ላይ ይረጫል፣ የምትለካውም ነገር ሲንቀሳቀስ አይያዝም።

ስትጨርስ ካምሻፍቱ (ሮከሮቹን የሚያንቀሳቅሰው ዘንግ) የሚታይ ከሆነ እሱና ሮከሮቹ ላይ ንጹህ ዘይት አፍስስ፣ ካንዴላ ሳትመልስ ኮምፕሬሽን ለካ፤ ባትሪውን መልሰህ፣ የማቀጣጠያውንና የኢንጀክተሩን ሶኬት ነቅለህ፣ ቤንዚን ፔዳሉን እስከ ወለሉ ረግጠህ። አዳዲስ የፒስተን ሪንጎች ገብተው ከሆነ ገና ስላልተላመዱ የሁሉም ሲሊንደሮች ልክ ዝቅ ቢል አትደንግጥ፣ አራቱን እርስ በርስ አወዳድር። አንዱ ለብቻው ወርዶ ካገኘኸው በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምረህ ድገመው። ከፍ ካለ ችግሩ የሪንግ ነው። ምንም ካልተለወጠ ቫልቩ ተቃጥሏል ወይም ሙረዳው አልያዘም፤ ያኔ በማስተካከል የሚፈታ ነገር የለም፣ ቴስታታውን ማውረድ ነው። አራቱም ከተቀራረቡ ግን ሰብስበህ ንዳው፣ ከ500 እስከ 1000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ውስጥ ክፍተቶቹን እንደገና ለካ።