ከባድ የሶላር ኢንቨርተር በመንገድ ሲጎዳና ከተጻፈበት በታች ሲሠራ፦ ጥያቄና መልስ

በመሀል አዲስ አበባ፣ ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ ባሉ ሰፈሮች፣ መብራት ሲሄድ የሚተካ የሶላር ኢንቨርተር (የፓኔልንና የባትሪን ኃይል ወደ ቤት መብራት የሚቀይር መሣሪያ) ማስገጠም እየተለመደ በመጣ ቁጥር ሁለት ዓይነት ጥያቄዎች በብዛት ይቀርቡልኛል። አንደኛው መሣሪያው በመንገድ ተጎድቶ እንደሆነ እንዴት ይታወቃል የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው የተጻፈበትን ያህል ኃይል ለምን አይሰጥም የሚል ነው። ሥራዬ ኢንቨርተር መግጠምና መጠገን በመሆኑ ሁለቱ ጉዳዮች ምን ያህል እንደሚምታቱ አያለሁ፤ በመንገድ የተጎዳው «አቅሙ ይኸው ነው» ተብሎ ይተዋል፣ ደህናው ደግሞ «ተሰብሮ መጣ» ተብሎ ይመለሳል። ነዋሪዎች ያቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ከዚህ በታች አስፍሬያለሁ።

ጥያቄ (ከልደታ)፦ ከውጭ ያስመጣሁት ባለ 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር ካርቶኑ ምንም አልሆነም፣ ሲበራም ስክሪኑ ይሠራል። ሎድ፣ ማለትም ኃይል የሚስብ ዕቃ፣ ስጨምርበት ግን ድምፅ ያሰማና ይጠፋል። ካርቶኑ ደህና ሆኖ ውስጡ ሊጎዳ ይችላል?

አዎ፣ ይችላል፤ በከባድ ኢንቨርተሮች ላይ የሚደርሰው ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ አይታይም። በትራንስፎርመር የሚሠራ የዚህ አቅም መሣሪያ 40 ኪሎና ከዚያ በላይ ሊመዝን ይችላል። የክብደቱ አብዛኛው ክፍል ብረትና የመዳብ ጥቅል የሆነው ትራንስፎርመር ሲሆን፣ ይህ ሁሉ በጥቂት ብሎኖች ከላሜራ ጋር የታሰረ ነው። ካርቶኑ በማዕዘኑ መሬት ሲመታ ፎሙ ተጨምቆ ይመለሳል፣ ካርቶኑም ቅርጹን ይይዛል፤ ውስጥ ያለው ብረት ግን በወረደበት ፍጥነት መውረዱን ስለሚቀጥል ብሎኖቹን ይስባል፣ ላሜራውን ያጎብጣል፣ አጠገቡ ያለውን የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ይገፋል።

አንድ ደንበኛ ያመጡትን መሣሪያ ስከፍት ከአራቱ የትራንስፎርመር ብሎኖች ሦስቱ ጥብቅ ነበሩ፤ የአራተኛው ዳዶ ግን ወልቆ ከቦርዱ ሥር ገብቷል፣ ሮንዴላውም በላሜራው ቀለም ላይ ቀጭን የታጠፈ ጭረት ትቷል። ትራንስፎርመሩ የተንቀሳቀሰው ከጣት ውፍረት ባነሰ ርቀት ቢሆንም፣ ከእሱ ወደ ቦርዱ የሚሄደው ወፍራም ሽቦ የላሜራውን ጠርዝ ሲታከክ ቆይቶ ፕላስቲኩ ተልጦ መዳቡ ይታይ ነበር። ያ መሣሪያ ያለ ሎድ ሲበራ በትክክል 230 ቮልት ያወጣ ነበር። ስክሪን መብራቱ ስለ መሣሪያው ጤንነት ብዙም አይነግረንም የምለው ለዚህ ነው።

የእርስዎን ጉዳይ ለመለየት መሣሪያውን ከማስከፈትዎ በፊት በመልቲሜትር ሁለት ቦታ ያስለኩ። በ48 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ባለ 5 ኪሎዋት ኢንቨርተር በሙሉ ሎድ ከ100 አምፔር በላይ ይስባል። ሎዱ ተከፍቶ ሳለ በባትሪው ምሰሶ ላይና በኢንቨርተሩ የባትሪ ማሰሪያ ላይ ያለው ቮልቴጅ ይነጻጸር። ባትሪው ራሱ ከወደቀ ችግሩ የባትሪው ነው። ባትሪው ላይ ጥሩ ሆኖ ኢንቨርተሩ ላይ ከ1 ቮልት በላይ ከቀነሰ ገመዱ ቀጥኗል ወይም ማሰሪያው ላልቷል፤ በረጅም መንገድ መንቀጥቀጥ ብሎን ስለሚያላላ ይህ በጣም የተለመደ ነው፣ መፍትሔውም ማጥበቅ ብቻ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ቦታ ጥሩ ሆኖ፣ ሎዱም ከአቅሙ ሳያልፍ፣ መሣሪያው ከጠፋ ግን ጉዳቱ በውስጡ ነው ማለት ነው። ድምፁንም ያዳምጡ፦ ወጥ የሆነ ዝቅተኛ እምምታ የትራንስፎርመር ተፈጥሮ ነው፤ ብረት ከብረት ጋር የሚንገጫገጭ ድምፅ ግን የላላ ነገር ምልክት ነው።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ጉዳቱ በዋናነት የሚደርሰው የት ነው? በመርከብ ላይ ነው ወይስ አገር ከገባ በኋላ?

ዕቃው በመርከብ ጅቡቲ ይደርሳል፣ ከዚያም በባቡር ወይም በጋላፊ፣ በሚሌና በአዋሽ በኩል በከባድ መኪና ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብና ወደ አዲስ አበባ ይመጣል። በዚህ ሁሉ መንገድ መንቀጥቀጥ አለ፤ በእኔ ግምት ግን ከባዱ ጉዳት የሚደርሰው በኮንቴይነር ውስጥ በፓሌት ታስሮ ሲጓዝ ሳይሆን፣ ከፓሌቱ ተነጥሎ ከአይሱዙ ላይ በእጅ ሲወርድ ነው። ለአንድ ሰው የሚከብድ፣ ለሁለት ሰው ደግሞ መያዣ የሌለው ካርቶን የመጨረሻዋን ግማሽ ሜትር ብዙ ጊዜ ይለቀቃል። ስለዚህ ለጫኝና አውራጆች ከመነሳቱ በፊት ክብደቱን መንገር፣ ከተቻለም ለማሳረፊያ የመኪና ጎማ መሬት ላይ ማስቀመጥ ብዙ ያድናል።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ ጉዳት እርጥበት ነው። ከጅቡቲ ሙቀትና እርጥበት የተነሳ መሣሪያ ወደ ደጋው ቅዝቃዜ ሲወጣ በውስጡ ጤዛ ሊቋጥር ይችላል። ስለዚህ እንደ ደረሰ ባትሪ ከማገናኘት ይልቅ ከካርቶኑ አውጥቶ በደረቅ ክፍል አንድ ሙሉ ቀን ማሳደር ይገባል።

ጥያቄ (ከሜክሲኮ)፦ ዕቃውን ስረከብ ምን ባደርግ ነው በኋላ ካሳ መጠየቅ የምችለው?

«በመልካም ሁኔታ ተረክቤአለሁ» የሚል ወረቀት ሳይፈትሹ አይፈርሙ። ለመፈተሽ ጊዜ ካልተሰጠዎት በፊርማዎ አጠገብ «ውስጡ አልታየም፣ በሎድ አልተፈተነም» ብለው በእጅዎ ይጻፉበት። ካርቶኑን ከመክፈትዎ በፊት በስድስቱም ገጽ፣ በተለይም በማዕዘኖቹ፣ ፎቶ ያንሱ፤ ከዚያ ፎሙን ሲያወጡ ፎሙን ራሱን ፎቶ ያንሱት። የተሰነጠቀ ፎም ካርቶኑ የደበቀውን አወዳደቅ ያሳያል፤ ከየትኛው ወገን እንደወደቀም ይናገራል። ማሸጊያውን ጉዳዩ እስኪያልቅ አይጣሉ።

ቀኑ ወሳኝ ነው። በባሕር ጭነት ረገድ እ.ኤ.አ. የ1924ቱ የሄግ ደንቦች ከውጭ ለማይታይ ጉዳት የሚሰጡት የጽሑፍ ማስታወቂያ ጊዜ ከርክክብ በኋላ 3 ቀን ብቻ ነው። በአየር ለሚመጣ ጭነት እ.ኤ.አ. የ1999ኙ የሞንትሪያል ስምምነት 14 ቀን ይሰጣል። ኢንቨርተሩን ገዝቶ «ፓኔሉ እስኪገጠም» ብሎ ለወራት በካርቶኑ ማስቀመጥ በጣም የሚያሳዝነኝ ልማድ ነው፤ ጉዳቱ በሚታወቅበት ጊዜ የሚጠየቅ ሰው አይኖርምና። ፓኔል ባይኖርም በባትሪ ብቻ መፈተን ይቻላል። ከአገር ውስጥ ነጋዴ የገዙ ከሆነ ደግሞ የመመለሻው ጊዜ በደረሰኙ ላይ በቀን ተወስኖ እንዲጻፍ ያድርጉ።

ጥያቄ (ከመርካቶ አቅራቢያ)፦ ነጋዴዎች «ኢንቨርተር በክብደቱ ነው የሚገዛው» ይላሉ። እውነት ነው?

ግማሽ እውነት ነው። ከባዱ ዓይነት በዝቅተኛ ድግግሞሽ የሚሠራ ትልቅ ትራንስፎርመር አለው፤ ቀላሉ ዓይነት ደግሞ በከፍተኛ ድግግሞሽ ስለሚሠራ በትናንሽ ትራንስፎርመሮች ያንኑ ኃይል ይሰጣል፣ ክብደቱም ከ10 እስከ 15 ኪሎ ሊሆን ይችላል። ልዩነታቸው የሚታየው ሞተር ሲነሳ ነው። የውኃ ፓምፕ ወይም የፍሪጅ ኮምፕረሰር ሲነሳ ለቅጽበት ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ኃይል ይስባል፤ ከባዱ መሣሪያ ይህን ለጥቂት ሰከንዶች ይሸከማል፣ ቀላሉ ግን ፈጥኖ ራሱን ሊያጠፋ ይችላል። ፓምፕ ያለው ግቢ ከሆነ ከባዱን እመክራለሁ። መብራት፣ ቴሌቪዥን፣ ዋይፋይና ላፕቶፕ ብቻ ለሚያሠራ ቤተሰብ ግን ለክብደቱ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አስፈላጊ አይደለም፤ ቀላሉ በመንገድ የመጎዳት ዕድሉም ያነሰ ነው።

ከባዱን ሲመርጡ ያለ ሎድ የሚበላውን ይጠይቁ። ያለ ሥራ 60 ዋት የሚበላ መሣሪያ በ24 ሰዓት ወደ 1.4 ኪሎዋት ሰዓት ይጨርሳል። በክረምት፣ ፓኔሉ በሚደክምበት በሐምሌና በነሐሴ፣ ይህ የሚሰማ ኪሳራ ነው።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)፦ 5 ኪሎዋት የተባለው ኢንቨርተሬ የእንጀራ ምጣድና ማብሰያ ምድጃ አብረው ሲበሩ ይጠፋል። በመንገድ ተጎድቶ ይሆን?

እናቴ፣ ሳይጎዳም እንዲህ ሊያደርግ ይችላል። በመጀመሪያ ጽሑፉን በደንብ ይዩት፤ 5 ኪሎቮልት አምፔር ተብሎ 0.8 የኃይል ምጣኔ (ፓወር ፋክተር) ካለው እውነተኛ አቅሙ 4 ኪሎዋት ነው።

ቀጥሎ የከተማችን ከፍታ አለ። መሀል አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 እስከ 2,500 ሜትር ላይ ስለሚገኝ አየሩ ስስ ነው፤ የኢንቨርተሩ ፋን በዚያው ፍጥነት እየዞረ የሚያወጣው ሙቀት በባሕር ዳርቻ ካለው ያነሰ ነው። በርካታ አምራቾች በመመሪያቸው ከ1,000 ሜትር በላይ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር ከአቅሙ 1 በመቶ እንዲቀነስ ያዝዛሉ። በዚህ ስሌት በ2,400 ሜትር 14 በመቶ ይቀነሳል፤ 5,000 ዋት የነበረው 4,300 ዋት ይሆናል ማለት ነው። ገዢም ሻጭም ይህን መስመር ሳያነቡት እንደሚያልፉ አውቃለሁ፤ ለዚህ ከተማ ግን በመመሪያው ውስጥ ካሉት መስመሮች ሁሉ ዋነኛው እሱ ነው።

የእንጀራ ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይወስዳል። ምድጃው ሲጨመር ልኩ ያልፋል። ምጣዱን ብቻውን ያብሩትና ለግማሽ ሰዓት ይመልከቱት፤ ካልጠፋ ኢንቨርተሩ ጤነኛ ነው። ባትሪውንም ያስቡ፤ 51.2 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የሆነ አንድ የሊቲየም ባትሪ የሚይዘው 5.12 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ ብክነቱና መጠባበቂያው ሲቀነስ ለ3.5 ኪሎዋት ምጣድ አንድ ሰዓት ቢበቃ ነው። እንጀራ ፀሐይ ባለበት እኩለ ቀን ላይ መጋገር፣ ካልሆነም የመብራት መስመር ሲኖር መጋገር ይሻላል።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)፦ በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ጠዋት ኢንቨርተሬ የስህተት ምልክት ያሳያል፣ ረፋድ ላይ ይተወዋል። ሻጩ «በጉዞ ተጎድቷል» ብሎ ሊለውጥልኝ ፈቅዷል። ልቀበል?

ከመቀበልዎ በፊት የፓኔሎቹን ቮልቴጅ ያስሉ፣ አዲሱም ያንኑ ሊያደርግ ይችላልና። ፓኔል ሲቀዘቅዝ ቮልቴጁ ይጨምራል፤ ከ25 ዲግሪ በታች ለእያንዳንዱ ዲግሪ ወደ 0.28 በመቶ ገደማ ማለት ይቻላል። ባዶ ቮልቴጃቸው (ምንም ሎድ ሳይኖር የሚያወጡት) 47 የሆኑ ሦስት ፓኔሎች በተከታታይ ሲታሰሩ 141 ቮልት ይሆናሉ፤ በ8 ዲግሪ ጠዋት ግን ወደ 148 ይጠጋሉ። የኢንቨርተሩ የፓኔል መቀበያ ጣሪያው 145 ቮልት ከሆነ ምልክቱ ትክክል ነው፣ መሣሪያው ራሱን እየጠበቀ ነው። አስቸኳይ ጉዳይ ነው፤ በየጠዋቱ ጣሪያውን ያለፈ ቮልቴጅ መቀበያውን በመጨረሻ ያቃጥለዋል። ሁለት ሁለት አድርገው እንደገና ያሳስሯቸው፤ ሦስተኛው ጥንድ ካጣ አንድ ፓኔል ይጨምሩ።

ጥያቄ (ከልደታ)፦ አራተኛ ፎቅ ላይ ነኝ፣ ግድግዳዬ ብሎኬት ነው። 45 ኪሎ ይሸከማል?

በፕላስቲክ ፊሸር አይሸከምም። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ፊሸሩ የሚይዘው ቀጭኗን ገጽ ብቻ ነው። ከወለሉ የሚነሳ የአንግል ብረት መቆሚያ ያሠሩና ግድግዳውን ለማስደገፊያ ብቻ ይጠቀሙበት፤ ዙሪያው አየር እንዲያገኝ ቦታ ይተዉ። በደረጃ ሲወጣ ሁለት ሰው ከሥሩ ይያዘው፣ ቀጥ ብሎ ይሁን፤ በፋኑ ወንፊት ወይም በማሰሪያዎቹ አይነሳ።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ባትሪውን ሳገናኝ ትልቅ ብልጭታ ወጣ። ተቃጠለ ማለት ነው?

ላይሆን ይችላል። በመግቢያው ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች (ኃይል ለአፍታ የሚይዙ ክፍሎች) ባዶ ስለሆኑ በአንድ ጊዜ ሲሞሉ ይፈነጥቃል። ኤሌክትሪሺያኑ በመጀመሪያ በሬዚስተር በኩል ለጥቂት ሰከንድ ሞልቶ ከዚያ ብሬከሩን ያብራ። ብልጭታው ሳይቋረጥ ከቀጠለ ወይም ፊውዝ ከበላ ግን ሞስፌቶቹ (ኃይሉን የሚያበሩና የሚያጠፉ የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች) ተያይዘው ሊሆን ስለሚችል እንደገና አይሞክሩት።

ጥያቄ (ከሜክሲኮ)፦ በመንገድ የተጎዳ ኢንቨርተር ይጠገናል ወይስ ይመለስ?

የዋስትና ማኅተሙ ሳይነካ በመጀመሪያ ለሻጩ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ ማኅተሙን ከቀደዱ በኋላ ክርክሩ ስለ ማኅተሙ ይሆናል። መመለስ የማይቻል ከሆነ የላላ ብሎን፣ የጎበጠ ላሜራና እግሩ የተነቀለ ካፓሲተር በደንብ ይጠገናሉ። ትራንስፎርመሩ ከቦታው ከተንቀሳቀሰ ከቦርዱ ተነጥሎ በጥቅሉና በብረቱ መካከል ያለው የኤሌክትሪክ መከላከያ (ኢንሱሌሽን) በመለኪያው በሜገር ይለካ፤ ከ1 ሜጋኦም በታች ከሆነ ያ ትራንስፎርመር ወደ ሥራ መመለስ የለበትም፣ የቤተሰቡ ሰው የሚነካው ላሜራ ኤሌክትሪክ ሊይዝ ይችላልና። ጥሩ ከሆነ በአዲስ ብሎንና በማይላላ ዳዶ ታስሮ፣ በ1 ኪሎዋት ተጀምሮ ደረጃ በደረጃ እስከ 4 ኪሎዋት ድረስ ለሁለት ሰዓት ይፈተን፣ በመጨረሻም ማሰሪያዎቹ ከቀዘቀዙ በኋላ እንደገና ይጠበቁ።