በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት

«ጋሼ፣ የኛ ሰፈር የማን ነው? የመንግሥት ወይስ የተቃዋሚ?» ብላችሁ ለጠየቃችሁ ልጆች።

ጥያቄዋ አጭር ናት፤ የምርጫ ውጤት የምናጠናውን የኛን የሙያ የቆየ ቁስል ግን ነካክታለች።

ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. አዲስ አበባ ለፓርላማም ለከተማው ምክር ቤትም በአንድ ቀን መረጠች። ተቃዋሚው ቅንጅት 23ቱንም የፓርላማ ወንበሮች፣ ከምክር ቤቱ 138 ወንበሮች ደግሞ 137ቱን ወሰደ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ2000 ዓ.ም. የዚያን ጊዜው ገዢ ፓርቲ ኢሕአዴግ በዚያው ምክር ቤት 137 ወንበር ያዘ። «የአዲስ አበባ ሰው ተገለበጠ» ተባለ፤ አዋቂ ነን የምንለውም አብረን አልን። በመካከሉ የቅንጅት መሪዎች ታስረው ተፈትተዋል፣ ከተማዋ በባላደራ አስተዳደር ቆይታለች፣ የፓርቲው ስም ለሌላ ክንፍ ተሰጥቷል፣ ሌሎች ተቃዋሚዎችም ከውድድሩ ወጥተዋል። ለመራጩ የቀረበለት ዝርዝር ሌላ ሆኖ ሳለ መራጩ ሐሳቡን ለወጠ ማለት ምን ይሉታል?

ወንበር ደግሞ ልዩነቱን ይደብቃል። በኛ ሕግ በአንድ ድምፅ የበለጠም በአሥር ሺህ የበለጠም ያችኑ አንድ ወንበር ነው የሚይዘው። የሰፈሩ ነገር ያለው ምርጫ ጣቢያው ላይ ነበር። ድምፁ እዚያው ተቆጥሮ ውጤቱ እዚያው መለጠፍ ነበረበት። ያልተለጠፈበት ቦታ ነበር፤ የተለጠፈውም ብዙው ወደ ደብተር ሳይገለበጥ ክረምት በላው። ሰው ተገለበጠ እያልን ስንከራከር ወረቀቱን የገለበጠው ጠፋ።

እናንተ ስልክ በእጃችሁ ነው፤ ምክንያት የላችሁም። የተለጠፈውን ውጤት ፎቶ ስታነሱ የጣቢያው ስምና ኮድ ከነማኅተሙ ይግባ። ቁጥሩን ብቻ አቅርቦ ያነሳ ሰው በሳምንቱ የትኛው የየት እንደሆነ ይጠፋበታል። ከዚያ ደምሩ፦ ዋጋ ያለውና ዋጋ አልባው ድምፅ ተደምሮ ሳጥን ውስጥ ከተገኘው፣ እሱም ከፈረሙት መራጮች ጋር መግጠም አለበት። ሁለት ሦስት ቢለያይ ሲቆጥር ያደረ አስፈጻሚ ድካም ነው። ሰባ ከተለያየ ያን ጣቢያ ለብቻው አስቀምጡት። በአንድ ግቢ ንዑስ ጣቢያ (ከዋናው የተከፈለ ጣቢያ) ካለ ሁለቱን ሳትደምሩ አትተርጉሙ። የካምፕ፣ የዩኒቨርሲቲና የተፈናቃዮች ልዩ ጣቢያዎችን ግን አውጧቸው፤ ሰፈር ውስጥ ናቸው እንጂ የሰፈር አይደሉም።

መቶኛው ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። 1000 ተመዝግቦ 620 መጣ፣ 20ው ዋጋ አልባ ሆነ፣ አንደኛው 310 አገኘ እንበል። ጋዜጣው «52 በመቶ» ይላል፤ ከተመዘገበው ግን 31 በመቶ ነው። ሰፈሩን ለማወቅ እኔ የምይዘው 31ን ነው። ያልተመዘገበው ጎረቤት ደግሞ ከ1000ውም ውስጥ የለም።

ሁለት ምርጫ ከማነጻጸራችሁ በፊት በመካከሉ ማን እንደተነሳ ጠይቁ። ከልደታ የተነሳ፣ ከካዛንቺስ የተነሳ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም የገባ፣ የራሱን አከራይቶ ሌላ ቦታ የተከራየ። ለመመዝገብ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ 6 ወር መኖር ይጠይቃል፤ አዲስ የገባው ቤት አለው፣ ድምፅ ላይኖረው ይችላል። የጣቢያው ስም የድሮው ሆኖ ሰልፉ ላይ የቆሙት ሌሎች ናቸው።

ወሬ አትከተሉ። የዛሬ ልጅ ቴሌግራም ላይ ሁለት መቶ አስተያየት አንብቦ «ሰፈሩ ተናገረ» ይላል። እውነቱን ለመናገር ግን፣ ዕድር ድንኳን ውስጥ ካርታ የሚጫወቱ አባቶች አጠገብ አንድ ማታ መቀመጥ እኔ ከጻፍኩት ሠንጠረዥ ይበልጥ የሚያስረዳበት ጊዜ አለ። ወሬም ቢሆን።

በር እያንኳኳችሁ የምትጠይቁ ከሆነ በሥራ ቀን ጠዋት አትሂዱ፤ የምታገኙት ጡረተኛና የቤት ሠራተኛ ነው። ማታ ወይም እሑድ ከሰዓት ይሻላል። «ማንን መረጥክ?» አይባልም፤ ሰው ደጁ ላይ ለማያውቀው ልጅ ይህን አይናገርም፣ ከተናገረም ያሸነፈውን ይጠራል። «ባለፈው ምርጫ ስንት ሰዓት ሄዱ? ሰልፉስ እንዴት ነበር?» በሉ። የሄደው ፀሐዩን፣ ዝናቡን፣ ከፊቱ የነበረችውን ሴትዮ ሳይቀር ያወራላችኋል። ያልሄደው «ደህና ነበር» ብሎ በሩን ገርበብ ያደርጋል።