መልስ፦ ከሥራ ከተቀነስኩ በኋላ የመጀመሪያውን የድረ ገጽ ደንበኛ ከየት ላግኝ?

ቦሌ ቢሮ ከመከራየት በፊት የመጀመሪያውን ደንበኛ እዚያው በሚኖሩበት ቱሉ ዲምቱ ይፈልጉ። የስንብት ክፍያዎ ለቤት ወጪና ለኢንተርኔት ይቆይ እንጂ በቢሮ ኪራይ አይለቅ።

በኮንዶሚኒየሙ ዙሪያ ካሉት የቤት ዕቃ መሥሪያዎች ወይም መዋዕለ ሕፃናት አንዱን ይምረጡና የሥራውን ፎቶ በስልክዎ አንስተው፣ አድራሻው በካርታ የሚታይበትና ሲነካ የሚደውል ስልክ ቁጥር ያለው ባለ አንድ ገጽ ናሙና ይሥሩ። ደንበኛ የሚከፍተው በሞባይል ዳታ ስለሆነ እያንዳንዱን ፎቶ ከ200 ኪሎባይት በታች ያድርጉት። ከዚያ በቃል ከማስረዳት ይልቅ ገጹን ከፍተው ስልኩን ለባለቤቱ ያቀብሉት፤ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ የሚያሳምነው ይህ ነው።

ግማሹን ክፍያ በቅድሚያ ይቀበሉ፤ ማስተካከያው ስንት ጊዜ እንደሆነም በውሉ ይጻፉ። ድርጅቶች ደረሰኝ ስለሚጠይቁ የንግድ ፈቃዱን አያዘግዩ።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። ለአንድ አናጺ የሠራሁትን ድረ ገጽ አድራሻ (በየጊዜው ተከፍሎ የሚታደሰውን የገጹን ስም) በራሴ ኢሜይል አስመዝግቤ፣ የእድሳት ማሳሰቢያው ሳላየው አለፈና ገጹ ከፋሲካ በኋላ፣ የሠርግ ዕቃ በሚፈለግበት ሳምንት ጠፋ። ባለቤቱ የእንጨት ብናኝ የለበሰ ስልኩን ዘርግቶ ባዶውን ገጽ ሲያሳየኝ የምመልሰው አጣሁ። ስለዚህ አድራሻውን በደንበኛው ስምና ኢሜይል ያስመዝግቡ። በነጥብ ኢቲ (.et) የሚያልቀው አድራሻ በኢትዮ ቴሌኮም በኩል በብር ስለሚከፈል፣ ለእድሳቱ የውጭ ምንዛሪ ካርድ ፍለጋ አይንከራተቱም።