ስለ ላቭ በርድ ጠይቁኝ፦ የአዲስ አበባዋ አረንጓዴ ወፍ የማን ዘመድ ናት?

ስለ ከተማችን ወፎች ስንጨዋወት ከሁሉም በላይ የተጠየቅኩት ስለ ላቭ በርድ ነው። ዛሬ የመጡልኝን ጥያቄዎች እንደ አቅሜ ልመልስ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ የፈረንጆቹ ናቸው።

ከፒያሳ፦ ላቭ በርድ አንድ ወፍ ነው ወይስ ብዙ? በቀቀን ነው የሚሉኝም አሉ።

በቀቀን ነው፣ ያውም ትንሽ በቀቀን። ወገኑ አጋፖርኒስ ይባላል። ስሙን በ1836 ያወጣው ሴልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። በውስጡ 9 ዝርያዎች አሉ። 8ቱ አፍሪካ ውስጥ ሲኖሩ አንዱ፣ ራሱ ግራጫ የሆነው፣ ማዳጋስካር ላይ ነው ያለው። ሰው የአማዞን ወፍ ይመስለዋል፣ ግን የኛው አህጉር ልጅ ነው። የሚገርመው የቅርብ ዘመዶቹ እስያ መሆናቸው ነው፤ ቅርንጫፍ ላይ ቁልቁል ተንጠልጥለው የሚተኙ ትንንሽ በቀቀኖች አሉ፣ እነሱ ናቸው።

ከካዛንቺስ፦ አንድ ሰማያዊና አንድ ቢጫ ገዛሁ። ሻጩ ላቭ በርድ ናቸው አለኝ። ጅራታቸው ረዘም ያለ ነው፣ ጀርባቸው ላይ ደግሞ ጥቁር መስመር አለ። የትኛው ዝርያ ናቸው?

የትኛውም አይደሉም እህቴ። የገዛሻቸው ባጀሪጋር ናቸው፣ አገራቸው አውስትራሊያ። እዚህ ከተማ ሁለቱንም በአንድ ስም ጠርቶ የሚሸጥ አይጠፋም። ጅራቱን እዪ፦ የላቭ በርድ አጭርና ደንደን ያለ ነው፣ ምንቃሩም ለቁመቱ ትልቅ ነው። በቀለም ግን አትመኚ። ሰማያዊ ላቭ በርድም አለ፤ ቢጫውን ቀለም የሚሠራው ነገር ሲጎድለው አረንጓዴው ወደ ሰማያዊ ይለወጣል እንጂ ሌላ ዝርያ አይሆንም።

ከስድስት ኪሎ፦ ዛፎቹ ላይ አረንጓዴ ወፎች እየጮሁ በቡድን ሽው ይላሉ። ከሰው ቤት ያመለጡ ናቸው? ዓይናቸው ዙሪያ ቀለበት ያየሁም መሰለኝ።

ማንም ቤት አልነበሩም፣ የአገሩ ባለቤቶች ናቸው። ጥቁር ክንፍ ላቭ በርድ ይባላሉ፣ በሳይንስ ስማቸው አጋፖርኒስ ታራንታ። ዓለም ላይ የሚኖሩት ኢትዮጵያና ኤርትራ ደጋዎች ላይ ብቻ ነው። በ1814 ለሳይንስ የተመዘገቡትም ሄንሪ ሶልት የተባለው ተጓዥ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ባለው ታራንታ ተራራ ላይ ካገኛቸው በኋላ ነው። የጽድ ፍሬና ሾላ ይወዳሉ፤ ለዚህ ነው አሮጌ ዛፍ ያልተቆረጠበት ግቢና የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ የማይጠፉት።

ቀለበቱን በደንብ አይተሃል። ግን ዛፉ ሥር ቆመህ፣ ከተቻለ በመነጽር፣ አንዱ እስኪረጋልህ ጠብቅ። ግንባሩ ቀይ፣ ዓይኑም ዙሪያ ቀጭን ቀይ ላባ ካለው ወንድ ነው። አጠገቡ ምንቃሯ ብቻ ቀልቶ ራሷ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ የሆነችው ሴቷ ናት። ወንዱ ክንፉን ሲያነሳ ከሥሩ ጥቁሩ ብቅ ይላል። እንዲህ ወንድና ሴት በመልክ የሚለያዩት ከ9ኙ 3 ብቻ ናቸው፦ የኛው፣ የማዳጋስካሩና ቀይ ራሱ። የቀሩትን በዓይን አይቶ ወንድ ነው ሴት ናት ማለት ዝም ብሎ ግምት ነው።

ከአራት ኪሎ፦ ታዲያ ነጭ ቀለበት ያላቸውስ? አንዳንዱ አራት ዝርያ ናቸው ይላል፣ አንዳንዱ አንድ።

ይሄ ነው ዋናው ጭቅጭቅ። የነሱ ቀለበት ላባ ሳይሆን ባዶ ነጭ ቆዳ ነው። አራት ናቸው፦ ጭንብል ያጠለቀ የሚመስለው ጥቁር ራሱና ፊሸር ታንዛኒያ፣ ሊሊያን ከማላዊ እስከ ዚምባብዌ ባለው ቆላ፣ ጥቁር ጉንጩ ደግሞ ዛምቢያ። አንድ የሽቦ ቤት ውስጥ ብታስቀምጣቸው ይዳቀላሉ፣ ልጆቻቸውም ይወልዳሉ፤ አንድ ናቸው የሚሉት በዚህ ተነስተው ነው። እኔ በአራቱ እስማማለሁ። ሜዳ ላይ እያንዳንዱ በየአገሩ፣ በየመልኩ ነው የሚኖረው፣ ሰው በሽቦ ቤት ያጋባውን ተፈጥሮ አጋባችው ማለት ለኔ አይዋጥልኝም። ጥቁር ጉንጩ ቁጥሩ ተመናምኖ ስጋት ላይ ያለ ስለሆነ፣ የሌላ ንዑስ ዝርያ ተብሎ ቢመዘገብ የሚጨነቅለትም ይቀንሳል።

ከሜክሲኮ፦ ከመልክ ሌላ በምን ይለያሉ?

በጎጆ አሠራር! በጣም የምወደው ጥያቄ። የናሚቢያና የአንጎላው ሮዝ ፊት ላቭ በርድ ሴቷ ልጥ በምንቃሯ ሸንትራ ትቆርጥና ጀርባዋ ላይ ላባው መሃል ሰክታው ትበርራለች። ፊሸር ግን በአፏ ይዛ ነው የምትሄደው። ዲልገር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ሁለቱን አዳቀለና ውጤቱን በ1962 አሳተመ። ዲቃሎቹ ተወዛገቡ፦ ልጡን ሊሰኩ ይሞክራሉ፣ ይወድቃል፣ ያነሱታል፣ እንደገና ይሰኩታል። ውሎ አድሮ በአፍ መያዝን ለመዱ፣ ያም ሆኖ ከመነሳታቸው በፊት አንገታቸውን ወደ ጀርባ ማዞሩን አልተዉም። የኛው ወፍ ግን ጣጣ አያበዛም፤ የዛፍ ቀዳዳ ካገኘ ጥቂት ነገር አንጥፎ ይገባል።

ከለገሃር፦ እኛ አገር ሌላ ላቭ በርድ አለ?

አለ፣ ቀይ ራሱ፣ ደቡብ ምዕራብ ቆላ ላይ። ዛፍ ላይ ያለ የምስጥ ቤት ቦርቡሮ ነው የሚወልደው። አዲስ አበባ ላይ አትጠብቀው።

በድጋሚ ከካዛንቺስ፦ እንግዲያው ባጀሪጋሮቹን ትቼ የስድስት ኪሎዎቹን አንድ ሁለት ባስይዝስ?

አይሆንም። ከሮዝ ፊቱ በስተቀር የሁሉም ላቭ በርዶች ዓለም አቀፍ ንግድ ቁጥጥር የሚደረግበት ነው፤ የደጋው ወፍ ደግሞ ከዱር ተይዞ የሽቦ ቤት ውስጥ ሲገባ ይደነግጣል፣ ይታመማል። ባጀሪጋሮችሽን በደንብ ያዢ፣ የስድስት ኪሎዎቹን ግን ጠዋት ጠዋት ሄደሽ እያቸው፣ ነፃ ነው።